ጎደሎ ማመልከቻ፣ ሙሉ በደል

ከጥቂት ወራት በፊት ጎረቤቴን አጅቤ አንድ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ስሙን ብጠራ ሌሎቹ «እኛ አይደለንም» ብለው እፎይ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ማንም እፎይ እንዲል አልፈልግም። በሩ ላይ አራት ማዕዘኑን በፕላስተር የተለጠፈ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ አለ። «ያልተሟላ ማመልከቻ በቀጥታ ውድቅ የሚደረግ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። በቃ። ምን ምን ሲቀርብ «ተሟላ» እንደሚባል የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለበትም።

ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ማን ለማን እንደሚናገር መፈለግ አልተወኝም። «የሚደረግ» ይላል እንጂ ማን እንደሚያደርገው አይልም። እዚህ አገር ከባድ ከባዱ ነገር ሁሉ የሚፈጸመው አድራጊው ባልተጠራ ግሥ ነው፤ «ተወስኗል»፣ «ታግዷል»፣ «አልተቻለም»፣ «ውድቅ ተደርጓል»። ማን ወሰነ? ማን አገደ? ግሡ ብቻውን ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

አብረውን የተሰለፉ አንድ ጎልማሳ ግን ማስታወቂያውን አይተው ደስ አላቸው። «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! ወረቀቱን እያንጠባጠበ የሚመጣው ነው ሥራ የሚያስፈታው» አሉ። እውነት አላቸው፣ በከፊል። የዛሬው ጽሑፌም ከእኚህ ሰው ጋር ክርክር ነው። በሰልፉ ላይ ልከራከራቸው ፈልጌ ነበር፤ ተራቸው ደርሶ ገቡብኝ።

መጀመሪያ ግን የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ።

የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ይተዳደር ነበር። መኪናዋን የገዛት ዕቁብ ጥሎ፣ ከወንድሙ ተበድሮ፣ የሚስቱን የአንገት ወርቅ ሸጦ ነው። ድንገት ታመመና በሦስት ሳምንት ውስጥ አረፈ። ከአርባው በኋላ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ «መኪናዋን እንዳትሸጫት፤ ሾፌር ቅጠሪባት፣ ልጆችሽን ታሳድግልሻለች» ብሎ መከራት። መካሪዎቹ መሐል እኔም ነበርኩ። የቀረው የመኪናዋን ስም ማዛወርና የስምሪት ፈቃዱን በእሷ ስም ማድረግ ብቻ ነበር። «ብቻ» የምትለዋ ቃል አምልጣኝ ነው።

መጀመሪያ ስትሄድ ማመልከቻዋን፣ ሊብሬውንና የሞት የምስክር ወረቀቱን ይዛ ነበር። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ፎልደሩን ገለጥ አድርጎ መልሶ ዘጋው።

«አልተሟላም።»

«ምኑ ነው ወንድሜ?»

«የወራሽነት ማስረጃ የለውም። ውድቅ ነው። ቀጣይ!»

ፍርድ ቤት ተመላልሳ የወራሽነት ማስረጃውን አወጣች። ሁለተኛ ስትሄድ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። «የግብር ክሊራንስ የለም፤ አልተሟላም።» ክሊራንሱን አመጣች። ሦስተኛ ስትሄድ «የማኅበሩ ደብዳቤስ?» ተባለች። ደብዳቤውን ለማግኘት የማኅበሩን ሊቀመንበር ስትከታተል የመኪናዋ ቦሎ ጊዜው አለፈ። እኔ አጅቤያት የሄድኩት አራተኛው ላይ ነው። «ቦሎው አልፎበታል፤ ክሊራንሱም ቆይቷል፣ በአዲስ ይምጣ» ተባልን። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላው እየተከፈተባት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ተራ፣ አዲስ ቀጠሮ። ማመልከቻዋ ውድቅ ስለሆነ የቀደመው ምልልስ እንዳልነበረ ይቆጠራል። መዝገብ ቤት የለችም፤ አልመጣችም፤ አልጠየቀችም።

በዚህ መሐል ሚኒባሷ በራችን ላይ ቆማለች። ጎማዋ ተንፍሷል። የሠፈር ልጆች መስታወቷ ላይ በተኛው አቧራ በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው ጻፉባት። ይሠራል የተባለው ሾፌር ሁለት ወር ጠብቆ ሌላ መኪና ላይ ገባ፤ እሱም ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም። የትልቁ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ለአንድ ተርም ተንከባለለ።

አራተኛው ቀን ስንወጣ ከግቢው አጥር ውጭ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ከፊቱ ማመልከቻ መጻፊያ ወረቀትና ስቴፕለር ደርድሮ የተቀመጠ ሰውዬ ጠራን። ፎልደሯን ተቀብሎ እንደ ካርታ ገላለጠው። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። «እትዬ፣ አምስት ነገር ይጎድልዎታል» አላትና አምስቱንም በጣቱ ቆጠረላት። የትኛው ቀድሞ መውጣት እንዳለበት፣ የትኛው ቶሎ እንደሚያልፍና መጨረሻ ላይ እንደሚወጣ፣ የትኛው መስኮት ረቡዕ እንደማይሠራ ሳይቀር ነገራት። ከዚያ ዋጋውን ነገራት።

እንግዲህ ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ደመወዝ የሚከፈላቸው አራት ሠራተኞች በአራት ቀን ያልነገሯትን ነገር ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው በአንድ ደቂቃ ነገራት። ሰውዬው ከእነሱ የበለጠ የተማረ ሆኖ አይደለም። እውቀቱ ለእሱ ሸቀጥ ነው። ሸቀጥ ያደረገለት ደግሞ ያ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ምን እንደሚጎድልህ ሳይነግርህ የሚመልስህ መስኮት ባለበት ሁሉ፣ ምን እንደሚጎድልህ የሚሸጥልህ ሰው አጥሩ ሥር ይበቅላል። እኛ ደላላውን እንረግማለን፤ ውኃ የሚያጠጣውን ግን አናይም።

አሁን ወደ ጎልማሳው ልመለስ። እኚህ ሰው የሚሉትን ሌሎችም ይሉታል፤ የማይረባ ክርክር አይደለምና አንድ በአንድ ልየው።

አንደኛ፣ «ያሟላው ሰው ባላሟላው ምክንያት ለምን ይጉላላ?» ይላሉ። አይጉላላ! ያልተሟላውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡት፤ ያሟላው ይለፍ። የመሥሪያ ቤቱ ቀነ ገደብም መቆጠር የሚጀምረው ከተሟላበት ቀን ይሁን። ለይቶ ማቆየትና አውጥቶ መጣል አንድ አይደሉም። ደግሞስ ሰልፉን የሚያረዝመው ማን ነው? ጎረቤቴ በአንድ ጉዳይ አራት ጊዜ ተሰልፋለች። ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ቢነግሯት ኖሮ ሁለት ጊዜ ይበቃት ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ ከኚህ ጎልማሳ ፊት ከነበርነው ስንቶቻችን ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የመጣን እንደሆንን ቢጠይቁ ኖሮ ውድቅ ማድረግ ሰልፍ አያሳጥርም፤ ያንኑ ሰው መልሶ ከኋላ ያሰልፈዋል።

ሁለተኛ፣ «ትራንስፖርት የሰው ነፍስ ነው» ይላሉ። በዚህ ላይ ከእኔ የሚብስ አክራሪ አይገኝም። ፍሬን የሌለው መኪና ሰው ጭኖ እንዲወጣ አልፈልግም። የዓመታዊ ምርመራ ካልተደረገ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ከሌለ፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ካልታደሰ መኪናው ከበሩ አይነቃነቅ። ሦስተኛ ወገን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ለተገጨው ምስኪን ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አናምታታ። ፈቃድ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ማመልከቻ መጣል ሌላ ነገር ነው። ጎረቤቴ «ሳላሟላ ፈቃዱን ስጡኝ» አላለችም። «ማመልከቻዬን ያዙልኝ፣ የጎደለውን ንገሩኝ፣ ላምጣ» ነው ያለችው። መኪናዋ ያን ጊዜ ሁሉ ቆማ ነበር፤ ማንንም አልገጨችም። እንዲያውም ነፍስ ላይ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። በሕጋዊው በር አራት ጊዜ የተመለሰ ሰው አምስተኛው ላይ በሌሊት ያለ ፈቃድ መጫን ይጀምራል። ያኔ መርማሪም አያየው፣ ኢንሹራንስም አያውቀው።

ሦስተኛ፣ «ሕዝባችን ቸልተኛ ነው፤ ማስታወቂያ አያነብም፣ ይሆናል ብሎ ይመጣል» ይላሉ። ይሄማ እውነት ነው። ራሳችንን አንሸንግል። ጉርድ ፎቶ ረስተን፣ ፎቶ ኮፒ ሳናደርግ፣ «እነሱ ጋ አይጠፋም» ብለን የምንሄድ ብዙ ነን። ሐሰተኛ ወረቀት ይዞ የሚመጣም አለ፤ እሱ ደግሞ ውድቅ ሳይሆን ክስ ነው የሚገባው። ግን ቸልተኛውን ከማያውቀው የሚለየው ምንድነው? ቸልተኛ ማለት ተነግሮት ያላመጣ ነው። ያልተነገረውን ሰው በቸልተኝነት መክሰስ አይቻልም። የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሁለቱንም በአንድ መጥረጊያ ጠርጎ ያወጣቸዋል።

ይህን ሁሉ ስል ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔም አንድ ወቅት መስኮት ነበረኝ።

በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በጥብቅነቴ የታወቅሁ ነበርኩ። «ሽፋንና የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር የሌለው ጽሑፍ አይታይም» የሚል ሕግ ነበረኝ። አንድ የገጠር ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ አንድም ቀን ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ፣ የዋቢ ዝርዝር የሌለው ጽሑፍ አስረከበኝ። ሳላነበው «አልተሟላም» ብዬ ከላዩ በቀይ ጻፍኩና መለስኩለት። ዜሮ ገባበት። ኮርሱንም ወደቀ። ከሴሚስተሩ በኋላ ቢሮዬ መጣና፣ አቀርቅሮ፣ «ጋሼ፣ ዋቢ መጻሕፍት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር» አለኝ። ለምን አልጠየቅህም አልኩት። «ሁሉም የሚያውቅ መሰለኝ» አለ። ጽሑፉን ተቀብዬ ያን ዕለት ማታ አነበብኩት። በዚያ ክፍል ከተጻፉት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ውጤቱን ማስተካከል ግን አልቻልኩም፤ የሬጅስትራር ቀን አልፎ ነበር። እሱም ደግሞ ሌላ መስኮት ነው።

ያ ልጅ ያስተማረኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልናገር፦ «አልተሟላም» የሚለው ቃል ሥራ የሠሩ የሚመስልበት፣ ግን ሥራ ላለመሥራት የሚያገለግል ቃል ነው። እኔ ጽሑፉን ከማንበብ ዳንኩበት። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ደግሞ ፎልደሩን እስከ መጨረሻው ከማገላበጥ ይድንበታል። የመጀመሪያውን ጉድለት እንዳየ ይዘጋዋል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጉድለት የሌላ ቀን፣ ምናልባትም የሌላ ሠራተኛ ነው።

ለተማሪዎቼ በ1842 እ.ኤ.አ. የታተመውን የጎጎልን «ካፖርት» አስተምር ነበር። ምስኪኑ ጸሐፊ አዲሱን ካፖርቱን ሌቦች ይገፉታል። አቤት ሊል ወደ አንድ ትልቅ ሰው ቢሄድ፣ ትልቁ ሰው ስለ ካፖርቱ ትቶ አቤቱታው ለምን በመዝገብ ቤት፣ በክፍል ኃላፊ፣ በጸሐፊ በኩል ተራውን ጠብቆ አልመጣም ብሎ ይጮኽበታል። ጸሐፊው ደንግጦ ወጣ፤ ብርድ መታው፤ ሞተ። ተማሪዎቼ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቃሉ። ሩሲያዊው ደራሲ የሠፈራቸውን ቀበሌ የሚያውቅ ነው የሚመስላቸው። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ እንዳልል፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

እኛም ከዚህ ጋር የቆየ ዝምድና አለን። «ደጅ ጥናት» የሚለውን ቃል ያወጣነው እኛ ነን። የጥንቱ ባለጉዳይ መኳንንቱ ደጅ ቆሞ ወር ሁለት ወር ይጠና ነበር። ያም ቢሆን ፊት ለፊት ሲቀርብ በአፉ ተናግሮ፣ ተጠይቆ፣ መልሶ ነው የሚፈረድበት። የዛሬው ደጅ ጠኚ ግን ሳይጠየቅ ነው የሚመለሰው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢፒአር መጣ ተብሎ በየግድግዳው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ተብሎ ሲለጠፍ ትዝ ይለኛል። ንጉሡም ደጅ መጥናቱን ቀጠለ።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕጉ ከመስኮቱ የተሻለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የመንግሥት ተቋም ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱም እንዲገለጽ ይጠይቃል። «ቀጣይ!» የጽሑፍ ውሳኔ አይደለም። ፎልደር በመስኮት ገፍቶ መመለስም ምክንያት መግለጽ አይደለም። አንዱ «ይሄ የፌዴራል አዋጅ ነው፣ እኔ የከተማ ነኝ» ይለኝ ይሆናል። ይሁን፤ ምክንያት መናገር አዋጅ የሚያስፈልገው ነገር ከሆነ ችግራችን ከአዋጅም በላይ ነው። ሰው ከሰው ጋር ተካሶ በሚካረርበት ፍርድ ቤት እንኳ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለጉዳይ ክሱን እንዲያሻሽል መንገድ ትቶለታል። ለተካሳሽ የተሰጠው ዕድል ፈቃድ ለጠየቀች ባልቴት የሚነፈገው በምን ሒሳብ ነው?

«አሁን እኮ ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር እየሆነ ነው» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተጀምሮ ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ አዳራሽ ተሰብስቧል። መሰብሰቡ ጥሩ ነው። መስኮቶቹን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስገባት ግን በመስኮቱ የሚወጣውን ቃል በራሱ አይለውጠውም። ድሮ «ሰውየው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ይባላል። ኮምፒዩተር ከመጣማ ምክንያቱ ጭራሽ አለቀ፤ የትኛው ሰነድ እንደጎደለ በአንድ ጊዜ ዘርዝሮ ለመናገር ከእሱ የሚቀለው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው ለምትሉኝ፣ ብዙ አልጠይቅም።

ዝርዝሩ ይጻፍ። ለአዲስ ፈቃድ፣ ለእድሳት፣ ለስም ዝውውር፣ ለወራሽ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ለየብቻው ይጻፍ፤ በአንዱ ቅርንጫፍና በሌላው አይለያይ። ማመልከቻ የሚቀበለው ሠራተኛ ፎልደሩን እስከ መጨረሻው ያገላብጥና የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በወረቀት፣ ስሙንና ቀኑን ጽፎ፣ ፈርሞ ይስጥ። በዚያ ወረቀት ላይ ያልነበረ ነገር በኋላ «ይሄም ይቀርሃል» አይባል። ለማሟያ የተወሰነ ቀን ይሰጥ፤ ሃያ የሥራ ቀን ይሁን፣ ሠላሳ ይሁን፤ ማመልከቻው በገባበት ቀን ያላለፈ የግብር ክሊራንስ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዳላለፈ ይቆጠር። የባለጉዳዩ የመዝገብ ቁጥርም አይሰረዝ። ቀኑ አልፎ ካላመጣ፣ ያኔ ውድቅ ይሁን። በጽሑፍ፣ በምክንያት፣ በፊርማ ውድቅ ይሁን። ያኔ እኔም ከጎልማሳው ጎን ቆሜ «እሰይ!» እላለሁ።

ይህ ለባለጉዳይ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ለመስኮቱ ወጣትም ነው። ልጁ ክፉ አይመስለኝም፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኽበት፣ የሚለምነው፣ የሚያለቅስበት ሰው ፊቱ ላይ ነው። ዝርዝር ያለው ሠራተኛ ከጥርጣሬ ይድናል። ዝርዝር የሌለው ሠራተኛ ግን ንጹሕ ቢሆንም እንኳ፣ አንዱን ሲያሳልፍ «በላ»፣ ሌላውን ሲመልስ «ሊበላ ነው» ይባላል።

የጎረቤቴ ጉዳይ እንዴት አለቀ ለምትሉኝ፣ ባልናገረው ደስ ባለኝ ነበር። ጃንጥላ ሥር ለተቀመጠው ሰውዬ ከፈለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈቃዱ ወጣ። መኪናዋ ታጥባ፣ ታፔላዋን ሰቅላ ሥራ ጀምራለች፤ ልጁም ትምህርት ቤት ተመልሷል። ከገንዘቡ ምን ያህሉ ለድካሙ፣ ምን ያህሉ ለሌላ እንደሆነ አልጠየቅንም። «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ነው» ተባባልን፣ ሁለታችንም ዓይን ለዓይን ሳንተያይ። ገንዘቡን ያበደርኳት እኔ ነኝ። በጋዜጣ ስለ ሙስና ሳልጽፍ የከረምኩበት ወር የለም።

ያን መሥሪያ ቤት የሚመሩት ሰዎች ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ያ በር ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ራሱ ያልተሟላ ነው። በራሳችሁ ደንብ ቢዳኝ በቀጥታ ውድቅ ነበር። እኔ ግን ውድቅ አላደርገውም፤ የጎደለውን እነግራችኋለሁ፦ ዝርዝሩ ነው። ወረቀቷ ከግማሽ በታች ባዶ ናት፤ ቦታ አለ። ነገ ጠዋት በር ሳትከፍቱ ጻፉበት።